ቲማቲሙ እስኪያፈራ

ባሌን ጣልያን ማርቆስ ምሽግ ውስጥ ካሰረው በኋላ ቤቱ ውስጥ እኔና አማቴ ብቻ ቀረን። እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርሁ። እሳቸው ባላቸውን ቀድመው የቀበሩ፣ ጾም የማያጓድሉ፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሴት ነበሩ፤ ከባሌ ሌላ ልጅ የላቸውም። የተያዘው ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለህ ተብሎ ነው። ያቀብል ነበር፤ እንጀራውን የምንጋግረው እኛ ነን። ስለዚህ በሐሰት ተያዘብን ብለን እንኳን ለማልቀስ አልታደልንም።

መንደራችን ከማርቆስ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ በማለዳ የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳይጠና ገበያ ይደርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ አገልግሉን በእንጀራና በሽሮ ሞልቼ ወደ ምሽጉ እሄዳለሁ። የእስረኛ ዘመድ ከውጭኛው በር አያልፍም። ዘበኛው የእስረኛውን ስም ይጠይቀኝና አገልግሉን ይዞ ይገባል፤ እኛ ከግንቡ ጥግ ተኮልኩለን እንጠብቃለን። ቆይቶ ባዶውን ይመልስልኛል። «ደህና ነው ወይ?» ብለው መልስ የለውም። ምላሴ አያርፍምና አንድ ቀን «እናትህ አፍ ሳትሠራልህ ነው የወለደችህ?» ብዬው በሰደፍ ገፍትሮኛል። ቤት ስመለስ አማቴ አገልግሉን ከፍተው ውስጡን ያያሉ። ጥርግ ብሎ ከተበላ «በልቷል» ይላሉ፤ ያን ቀን ፊታቸው ፈታ ይላል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከጎረቤት ደብር የታሰረ አንድ ሰው ተፈትቶ መጣ። ባሌ በጠና ታሞ ከክፍላቸው ሲያወጡት አይቷል፤ ከዚያ ወዲያ አላየውም። የሚያውቀው ይኸንኑ ብቻ ነው። ወሬ ግን እግር አለውና እኛ ቤት ሲደርስ «ሞቷል» ሆኖ ደረሰ።

ወዲያው የባሌ አጎት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። የአባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የወንድማቸው ልጅ ነፍስ ያለ ጸሎት መንከራተቷ ነው ያንገበገባቸው።

«ፍትሐት ያልተደረሰለት ነፍስ እየተንከራተተ አንች እዚህ ተቀምጠሽ አገልግል ትጠብቂ?» አሏቸው አማቴን። «ለቅሶው ይውጣ። ተዝካሩም ክረምት ሳይገባ ይውጣለት።»

«ያልሞተ ልጄን አልቅሼ ልግደለው ነው የሚሉኝ?»

«እንዴት አወቅሽ አለመሞቱን?»

«እርስዎስ መሞቱን እንዴት አወቁ?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በሕይወት ላለ ሰው ደረት መምታት ሟርት ነው፤ ማንም እናት አትደፍረውም። የሞተውንም እንዳልሞተ አድርጎ ያለ ፍትሐት መተው በነፍሱ ላይ መፍረድ ነው። አማቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጡ። እኔ ደግሞ ነጠላዬን ላዘቅዝቀው ወይስ እንዳለ ልተወው የማላውቅ ሴት ሆንሁ። ሚስት እባል ወይስ መበለት፣ ያን የሚነግረኝ አጣሁ።

መላው የመጣው ከማርቆስ ገበያ ነው። ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ እስላም ነጋዴ ነበሩ፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። ባሌ የሠርጋችንን ልብስ የገዛው ከሳቸው ሱቅ ነው። ለምሽጉ ወጥ ቤት ሽንኩርትና እንቁላል ያቀርባሉ። ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጬ ሳለቅስ አዩኝና አስገቡኝ።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ። «እኔንም ቢሆን ከበር አያሳልፉኝም። ግን ጣልያኑ ወጥ ሠሪ አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ ቲማቲም የሚሉት ነገር። ከአሥመራ በመኪና ሲመጣለት ግማሹ ፈርጦ ይደርሳል፤ የቀረውን የበሩ ዘበኞች ሲቀባበሉት ያፈርጡበታል። እና እዚሁ አብቅሎ የሚያመጣልኝ ሰው ካለ እወጥ ቤቴ ድረስ ራሱ ይዞት ይግባ ብሎ ለበሩ ተናግሯል። ወጥ ቤቱ ደግሞ የእስረኞቹን ግቢ ፊት ለፊት ያያል።»

ከመኪናው ላይ የተጣለ አንድ የላሸ ፍሬ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ቀይ፣ ውኃ የሞላው፣ ሲነኩት የሚያጸይፍ ነገር ነው። ቤት ወስጄ ለአማቴ ሳሳያቸው አሸተቱትና «ይኸ ነው ልጄን የሚያሳየን?» አሉ። ከዚያ አጎትየውን አስጠሩና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ቁርጡን ነገሯቸው፦ «ይኸ እስኪያፈራ ታገሡኝ። ያን ጊዜ ልጅቱ ትገባለች፣ በዓይኗ ታያለች። ካለ አለ። ከሌለ አለቅሳለሁ።» አጎትየው እያጉረመረሙ ተስማሙ።

ዘሩን በአመድ አሽቼ አደረቅሁትና በጓሮ፣ ከጌሾው አጠገብ መደብ ሠርቼ ዘራሁት። ፍግ አለበስሁት፤ ጠዋትና ማታ ከምንጭ እንሥራ እየተሸከምሁ አጠጣሁት። ሲበቅል ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። ቅጠሉ የእምቧይ ዘመድ ይመስላል፤ እምቧይ ደግሞ ከብት እንኳን የማይደፍረው መራራ ነው። «ሙሽሪት እምቧይ ዘርታ ውኃ ታጠጣለች» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም አልተውኋቸውም፤ «እናንተ ደግሞ ጤፍ ዘርታችሁ እንክርዳድ ታጭዳላችሁ» አልኋቸው። ያን ጊዜ የሚያናግረኝን ሁሉ መንከስ ያምረኝ ነበር።

ችግኙ ግን አፌን አኮራው። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ወገቤ ደረሰ። አረንጓዴነቱ ዓይን ይስባል፤ ሲዳስሱት እጅ ላይ የሚቀር ጠንካራ ሽታ አለው። ቢጫ ቢጫ አበባ ማውጣት ሲጀምር አንዲት ጎረቤታችን አጥር ላይ ተንጠልጥላ «ውይ! ውይ! እንዴት ያለ ነው!» አለች። «በስመ አብ» አላለችም። አማቴ ይኸን ሰሙ።

የዚያኑ ዕለት ሸንበቆ አስቆርጠው ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርገው አጠሩት። ከላይ ደግሞ ያረጀ ነጠላቸውን ዘርግተው አራቱን ጫፍ ከሸንበቆው ጋር አሰሩት። ከኛ በቀር ማንም እንዳያየው ነው። ያገራችን ሰው የሚሳሳለትን ነገር የሚጠብቀው እንዲህ ነው፤ መልከ መልካም ሕፃን ፊቱ ይሸፈናል፣ የምትታለብ ላም ጨለማ ውስጥ ትታለባለች። እኔም ልክ ናቸው አልሁ። ከእህል ሁሉ ይልቅ የሚያሳሳን ያ ተክል ነበርና የሰው ዓይን እንዲያርፍበት አልፈለግሁም።

አበባው ረገፈ። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ውኃ ላጠጣ ስገባ መሬቱ ላይ ቢጫ ሆኖ ተነጥፎ አገኘሁት። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ግንዱ ጠንካራ ነው፤ አበባው ግን ከነአንገቱ እየተቀነጠሰ ይወድቃል። እንደገና አበበ፣ እንደገና ረገፈ። አማቴ «ያች ሴት ቀድማ በልታዋለች» አሉ። ጠበል አስመጥተው ረጩት። ሸንበቆውን ደረቡት፤ ነፋስ እንኳን እንዳይገባበት ቀዳዳውን በጭድ ደፈኑት። እኔ ፍግ ጨመርሁ። በሸፈንነው ቁጥር ይለመልማል፣ በለመለመ ቁጥር ይረግፋል። ባረገፈ ቁጥር ደግሞ አበባው ብቻ አይደለም የሚወድቀው፣ ባሌን የማይበትም ቀን ነው።

ፋሲካ ዋለ። አጎትየው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆመው «አፈራ?» አሉ። «አላፈራም» አልኋቸው። «የኔ ልጅ፣ የማያፈራ ነገር ይዞ ነፍስ አያስጠብቁም» አሉኝ በለሆሳስ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሳምንት በኋላ መንገዱ ላይ ተኩስ ሆነና ባንዶች ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመሩ። እኛ ቤት ሲመጡ ጎተራውን ጎረጎሩ፣ የመቀመጫውን መደብ ቆፈሩ፣ ምንም አጡ። ጓሮ ሲዞሩ ግን ያን በሸንበቆ የታጠረ፣ በጨርቅ የተሸፈነ፣ በጭድ የተወተፈ ነገር አዩ። አሁን ሳስበው አልፈርድባቸውም፤ መሣሪያ የተቀበረበት ቦታ ቢሆን ከዚያ የበለጠ ምን ይመስላል?

«ምን ቀብራችሁ ነው?» አለ አለቃቸው።

«ተክል ነው» አልሁት።

«ተክል ልብስ ይለብሳል?»

«ከሰው ዓይን ነው» አሉ አማቴ። ሳቁባቸው።

ሸንበቆውን በርግጫ ጣሉት። ነጠላውን አንዱ ቀዶ ወገቡ ላይ አሰረው፤ ይዞትም ሄደ። መሬቱን በሳንጃ ወጉት። ከሥሩ ብረት ያለ መስሏቸው ግንዱን እየያዙ ናጡት፤ የተነቀለው ተነቀለ፣ የተረገጠው ተረገጠ። ምንም ሲያጡ አማቴን በጥፊ መትተው ወጡ። አማቴ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ያዩ የነበረው ተክሉን ነው። ከተረፉት ላይ የቀረውን አበባ እያዩ «አለቀልን» አሉ። መልሰን እንዳንሸፍነው ጨርቅ አልነበረንም፤ ያለችን ነጠላ በላያችን ያለችው ናት።

እንዲህ ሆኖ ያለ አጥርና ያለ ልብስ ቀረ። እኔም ለአራት አምስት ቀን ሄጄ ማየት አቃተኝ። በኋላ ውኃ ላጠጣው ስወጣ አበባው ደርቋል፤ ግን አልወደቀም። ጠጋ ብዬ አየሁት። ከደረቀው አበባ ሥር እንደ ሽምብራ የምታህል አረንጓዴ ነገር ተቋጥራለች። በጉልበቴ ተንበረከክሁ። አማቴን ስጠራቸው ድምፄ ያስፈራ ነበርና እየሮጡ መጡ፤ አይተው አፈሩን ሳሙ።

ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ወዲያው አልገባኝም፤ ተቀምጬ ነው ያወቅሁት። በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንዲት ጥቁር፣ ወፍራም፣ እያጉረመረመች የምትበር ንብ መጣች። አበባውን አቅፋ ስትንቀጠቀጥ ከውስጡ እንደ ዱቄት ያለ ቢጫ ነገር ሲበን አየሁ። ነፋስም ግንዱን ሲወዘውዘው እንደዚያው ነው። ያ አበባ መነቅነቅ ነው የሚፈልገው። እኛ ከዓይን እንሰውረው ብለን ከንብም ከነፋስም ሰውረነዋል። ባንዶቹ ደግሞ መሣሪያ ፍለጋ ሲንጡት ሠሩለት። ለነሱ ምስጋና የለኝም፤ ጥፊውን አልረሳሁትም። ግን የሆነው ይኸ ነው።

ከዚያ በኋላ ረፋድ ረፋድ ጤዛው ሲደርቅ እየወጣሁ፣ ያበበውን ቅርንጫፍ በጣቴ መታ መታ አደርገው ነበር። አማቴ መጀመሪያ ፈሩ፤ በኋላ ራሳቸውም እየመጡ መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። በየቅርንጫፉ ድጋፍ አቆምሁለት። ሰው ሁሉ እያየው፣ እያደነቀው፣ «በስመ አብ»ም ሳይል እያለፈ ፍሬው አደገ። ሰኔ ሲገባ ቀላ።

ሐጂን ይዤ ወደ ምሽጉ ሄድሁ። ቲማቲሙን በጎመን ቅጠል እየለየሁ ቅርጫት ውስጥ ደርድሬዋለሁ። ሐጂ በሩ ላይ ተናገሩልኝ፤ ዘበኛው ቅርጫቱን ገልጦ አየና አሳለፈኝ። ወጥ ሠሪው ወፍራም፣ ላቡ የሚወርድ ሰው ነው፤ አንዱን አንሥቶ በሸሚዙ ጠረገና ገመጠው። ዓይኑን ጨፈነ። በቋንቋው አንድ ነገር ብሎኝ ሳቀ፤ ሰው አገሩን ሲያስታውስ የሚስቀው ሳቅ ነበር። ጠላቴ ነው፣ አልሳቅሁለትም። እሱ ፍሬውን ሊያወጣ ወደ ጓዳ ሲገባ እኔ ወደ በሩ ዞርሁ።

ግቢው ፊት ለፊቴ ነበር። እስረኞቹ ድንጋይ ያመላልሳሉ። ከሲታ፣ ጢማቸው የረዘመ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነዋል። አንድ በአንድ አየኋቸው። አረማመዱን ፈለግሁ፣ ትከሻውን ፈለግሁ። ያለፈው ሁሉ ሲመለስ እንደገና አየሁት። አልነበረም።

ከበሩ ሥር አንድ ሽማግሌ እስረኛ ድስት ያጥባሉ፤ በአነጋገራቸው የመርጡለ ማርያም ሰው ናቸው። «አንች የማን ነሽ?» አሉኝ ሳያዩኝ። የባሌን ስም ነገርኋቸው። እጃቸው ቆመ።

«ከጥምቀት በፊት ነው ያረፈ፣ ልጄ።»

አልጮኽሁም። ብቻ «አገልግሉስ?» አልኋቸው። ከነገር ሁሉ ለምን ያን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«እሱን እኛ ነን የበላነው» አሉኝ። «የበሩ ዘበኛ መሞቱን አያውቅም፤ በሽተኞቹ ያሉበት ግቢ ሌላ ነው። መጥቶ ስሙን ጠራ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዝም አልን። ባለቤት የለውም ብሎ እፊታችን ለውሾቹ ደፋው። በሁለተኛው ሲጠራ አንድ ልጅ እግር አቤት አለ። ከሩቅ አገር ያመጡት ነው፤ የሚያቀብለው ዘመድ የለውም። ከዚያ ወዲህ ስሙ በተጠራ ቁጥር አቤት የሚል እሱ ነው። ብቻውን አይዶለም የሚበላው፤ ያካፍለናል። ይቅር በይን።»

ይቅር አላልሁም። እውነቱን ልናገር፣ ያን ልጅ አግኝቼ ላንቀው ነው ያማረኝ። ባሌ መሬት ውስጥ ሆኖ ሌላ ሰው በስሙ ይበላል፤ እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውኃ ተሸክሜ፣ አበባ መትቼ፣ ለእንግዳ ሰው አብስያለሁ። ወጥ ሠሪው ባዶ ቅርጫቴን ሰጠኝና በእጁ ቅዳሜ ተመለሽ የሚል ምልክት አሳየኝ። ሽማግሌው «ቀባሪው እኔ ነኝ፤ እጁን አጣጥፌ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜለታለሁ» ሲሉኝ ሰማሁና ወጣሁ።

አማቴ መንገድ ዳር ወጥተው ይጠብቁኝ ነበር። ፊቴን አይተው አወቁ። ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሞቱንም፣ አገልግሉንም፣ ልጁንም። አፋቸውን ሲከፍቱ ለቅሶው መጣ ብዬ ተዘጋጀሁ። አልመጣም። ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ምሰሶው ዞረው ቆሙ። ጀርባቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ሲዞሩ ድምፃቸው ደህና ነበር። «ልጁ እናት አለችው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ እሜቴ።»

«ይኖራታል። አሁን ብናለቅስ ነገ ባንዳው ሰምቶ ለምሽጉ ይናገራል። ከዚያ ስንቁን ማን ብለሽ ትሰጫለሽ? ማንስ ብሎ ይቀበላል?»

«እሜቴ፣ ባሌ ነው እኮ!» አልሁ። «ሳላለቅስለት?»

«ልጄ ነው» አሉኝ።

በማግሥቱ ለነፍስ አባቱ ብቻ ነገሯቸው፤ ፍትሐቱ ያለ ደወልና ያለ ሰው ደረሰለት። አጎትየው ሲመጡ እኔ እሳት አነድ ነበር። «ልጅቱ አየች?» አሉ። «አየች» አሉ አማቴ። «እህ? አለ?» አማቴ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ በሐሰት የማለ ሰው ቤት ውኃ የማይጠጡ ሴት ናቸው። ሽማግሌውን ቀና ብለው አዩና «አለ» አሉ። አጎትየው ተንበርክከው ተመስገን አሉ፤ ደስታቸውን ማየት ከሞቱ በላይ ከበደኝ። ጣልያን ካገር እስኪወጣ ድረስ አንድም ቀን ደረት አልመታንም። ከል ሳልለብስ፣ ጠጉሬ ሳይላጭ፣ ባል እንዳላት ሴት ገበያ እወጣ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ አገልግሉን በሩ ላይ ሰጥቼ ቲማቲሙን ይዤ ገባሁ። ወጥ ሠሪው ፍሬውን ሲያወጣ እኔ በሩ ላይ ቆምሁ። ዘበኛው አገልግሌን አንጠልጥሎ ወደ ግቢው መሐል ወጣና የባሌን ስም ከነአባቱ ጮኾ ጠራ።

«አቤት!» አለ አንድ ሰው ከድንጋዩ ክምር ጀርባ።

የማላውቀው ድምፅ ነው። ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ያ ስም ተጠርቶ መልስ ሲያገኝ፣ ልቤ ሳይጠይቀኝ ደስ አለው።